ታይዋንን ስሜት አልባ የማድረግ ጥበብ

ስለ መጪው ዘመን ለወጣቶች የሚሆን ልብወለድ ልትጽፍ መነሣትህን ስሰማ ደስ አለኝ። ታሪኩ የሚፈጸመው ድሬዳዋ፣ ያውም ታይዋን ገበያ ውስጥ መሆኑን ስሰማ ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ። ሐሳብህ ሸጋ ነው፤ መንግሥት የሰውን ስሜት በአዋጅ ያጠፋበት አገር፤ ፍቅር የለ፣ ቁጣ የለ፣ ሐዘን የለ።

መንገዱንም ፈረንጆቹ ጠርገውልሃል። ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» በተባለው መጽሐፉ ለዜጎች ምናብን የሚነቅል ቀዶ ሕክምና አዘጋጀላቸው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1924 መጀመሪያ የታተመው በአገሩ ሳይሆን ኒውዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ነበር። አልደስ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1932 ሶማ የሚባል የደስታ ክኒን አደለ። አሜሪካዊቷ ሎይስ ሎውሪ እ.ኤ.አ. በ1993 «ዘ ጊቨር»ን ለልጆች ጽፋ በዓመቱ የኒውበሪ ሜዳልያ ተሸለመች። ጥሩ ሐሳብ አለህ፣ መንገዱ ተጠርጓል፣ ሰፈሩንም ታውቀዋለህ። እንዲህ ተመቻችቶልህ መጽሐፉን ማበላሸት ቀላል አይደለም፤ ትጋት ይጠይቃል። ስለዚህ ልርዳህ።

አንደኛ፦ ድሬን ከድሬ አውጣት

ታይዋን ከደሴቲቱ ጋር ስም እንጂ ባሕር አትጋራም። ስልኩ፣ ሽቶው፣ ጫማው፣ ብርድ ልብሱ ተደራርቦ ይሸጥባታል፤ ከፊሉ ቀረጥ ከፍሎ የገባ፣ ከፊሉ የጉምሩክን ኬላ በሌሊት ያለፈ። ይህን ሁሉ ደምስሰው። በቦታው ነጭ የመስታወት ሕንጻ ትከል፤ ሰዎቹን ግራጫ አልብሳቸው፤ ሰፈሩን «ዞን ሰባት» በለው። አቧራ አይኑር፤ አቧራ ያለበት መጪ ዘመን ማን አይቷል?

ሙቀቱንም አጥፋ። ቀትር ላይ ሱቁ ሲዘጋ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሰዉ ጥላ ውስጥ ገብቶ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ አይተሃል። ውጭው ጸጥ ያለ፣ ውስጡ ጨዋታ የደራበት ከተማ፤ አዋጁ በአደባባይ የሚከበርበት፣ በር ሲዘጋ የሚሻርበት። እንዲህ ያለ ነገር ለታሪክህ ስለሚመች ተጠንቀቅ፤ ባጋጣሚ ጥሩ ምዕራፍ ሊወጣህ ይችላል።

በምትኩ በረዶ አምጣ። የሎውሪ ባለታሪክ፣ ልጁ ዮናስ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሕፃን ታቅፎ በበረዶ ቁልቁለት ላይ በሸርተቴ ይወርድ የለ? ያንተም ጀግና በደንገጎ ቁልቁለት ላይ በሸርተቴ ትውረድ። ሎውሪ በረዶውን ያመጣችው በምክንያት ነው፤ የዮናስ ማኅበረሰብ የአየር ጠባዩን ተቆጣጥሮ በረዶን ካጠፋ ትውልድ ስላለፈ፣ በረዶው ራሱ የተነጠቀ ትዝታ ነው። አንተ ግን ምክንያቱን ትተህ በረዶውን ብቻ ውሰድ። የድሬ መንግሥት መጀመሪያ የሚያጠፋው ምን ይሆን ብለህም አትጠይቅ። አንባቢ «ፀሐዩ የት ሄደ?» ካለህ «መንግሥት ወሰደው» በል። በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ መንግሥት ለሁሉም ጥያቄ መልስ ነው።

ሁለተኛ፦ ክኒን አድልና ዝም በል

ስሜት በምን ጠፋ? በክኒን። ሃክስሊ ሰጥቷል፣ ሎውሪ ሰጥታለች፣ አንተም ስጥ። ክኒኑን ማን እንደሚያመርተው፣ ማን እንደሚያከፋፍለው፣ ያላዳረሰው ቀበሌ ይኑር አይኑር አትንገረን።

በተለይ ክኒኑ ታይዋን ሲደርስ የሚሆነውን እንዳታስብ። በሳምንቱ «ኦርጅናል»ና «ኮፒ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ኮፒውን የዋጠው ሰውዬ ግማሽ ቀን ደርቆ ከሰዓት በኋላ ያለምክንያት ሳቅ ይጀምረዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማርከሻው ይመጣል፤ በሳልባጅ ቦንዳ መሃል ተሸጉጦ ድንበር የተሻገረ ሳቅ፣ በሽቶ ጠርሙስ የገባ ናፍቆት። ፊናንስ መንገድ ላይ መኪና አስቁሞ «ምን ጭነሃል?» ሲል ሾፌሩ ሳቁን ማፈን አቅቶት ይያዛል። ኮንትሮባንድ ስሜት! ከተማዋ ከድንበር ንግድ ጋር ስትኖር ያካበተችው ብልሃት ሁሉ ለታሪክህ በነፃ ቀርቦልሃል። አትንካው። ከነካኸው መጽሐፍህ ይነበባል።

ሦስተኛ፦ ዋጋ የሚከራከር ሰው አይኑር

ታይዋን ውስጥ ስሜት የንግዱ መሣሪያ ነው። ሻጭ ዋጋ ሲጠራ ገዢዋ እንደተሰደበች ሰው ትደነግጣለች። እሱ ይምላል፣ እሷ ትስቃለች፣ ዕቃውን ጥላ ትሄዳለች፣ እሱ «አቦ ነይ እንጂ!» ብሎ ይጣራል፣ ከስሮ እንደሚሸጥላት ያዝናል፣ እሷም አዝናለት ትንሽ ትጨምራለች። ሁለቱም የሌላው ቁጣ የውሸት መሆኑን ያውቃሉ፤ ሁለቱም በውሸቱ ቁጣ ውስጥ እውነተኛ ደስታ አላቸው።

ታዲያ ስሜት ሲከለከል የተሠራ ስሜትም ይከለከላል? ፖሊሱ የውሸት ድንጋጤን ከእውነተኛው በምን ይለየዋል? መላው ገበያ የለመደውን ክርክር እንደ ዳዊት በቃሉ እየወጣ፣ ቃሉን እንጂ ዜማውን ረስቶ ቢቀጥልስ? እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ልብወለድ ይሸከማሉ፤ ስለዚህ አስወግዳቸው። የሚከተለውን ምልልስም በጭራሽ አትጻፍ፦

«ወንድሜ፣ ይሄ ስልክ ስንት ነው?»

«አሥር ሺህ።»

«እሺ።»

ታይዋን ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደነግጥ ንግግር የለም። በመጀመሪያው ጥሪ «እሺ» የተባለ ነጋዴ ወይ ብሩ ፎርጂድ ነው ይላል፣ ወይ ገዢው ደኅንነት ነው ይላል። ሦስት መስመር ብቻ ሆኖ፣ አንባቢው ዓለም እንደተገለበጠ ይገባዋል። አንተ ግን በዚህ ፋንታ አንድ ነጭ ካባ የለበሰ ሽማግሌ አምጣና ስሜት እንዴት እንደጠፋ ለአሥራ ሁለት ገጽ ንግግር ያድርግ።

አራተኛ፦ ጀግናዋን ዘመድ አሳጣት

ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ይሁን። ስሟ ድሬ ውስጥ ማንም የማይጠራበት ይሁን። ክኒኑ በእሷ ላይ ብቻ የማይሠራ ይሁን፤ ለምን እንደማይሠራ በሦስተኛው ቅጽ ትነግረናለህ። እናት፣ አክስት፣ አያት፣ ጎረቤት አይኑራት። የድሬ ልጅ በአንድ ትንፋሽ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማሊኛውን እያቀያየረች መቆጣትም መቆላመጥም እንደምትችል እርሳው። አዋጁ በየትኛው ቋንቋ ታወጀ፣ በየትኛውስ ማምለጫ ቀዳዳ ተገኘ የሚለው ጣጣ ውስጥ ይከትሃል።

ክትትሉን ለካሜራ ተው። በየምሰሶው ላይ ቀይ ዓይን ያለው ካሜራ ስቀል። በእውነቱ ከሆነ አንዲት ልጅ በድብቅ ደስ ቢላት ካሜራው ሳያያት ማዶ ያሉት እትዬ ደርሰውባት «ምን ሆነሻል ልጄ፣ ፊትሽ በርቷል?» ይሏታል። እንዲህ የሚጠይቅ ጎረቤት ፍቅሩም ስለላውም አንድ ላይ ነው፤ መንግሥት ቢቀጥረው ደግሞ ከማሽን ይብሳል። ይህ ከባድ ነገር ስለሆነ ካሜራው ይሻልሃል።

አምስተኛ፦ ደቻቱን አትይ

ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ሰው ጫማው ሳይረጥብ ከከዚራ ወደ መጋላ ይሻገራል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ግን በላይኛው የሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ወረደና በተኛበት ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ደረቅ የመሰለው ነገር ከየት እንደሚሞላ የድሬ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም።

ስለታፈነ ስሜት የሚጽፍ ደራሲ እንዲህ ያለ ወንዝ በሰፈሩ መሃል ሲያገኝ ፊቱን ማዞር ይከብደዋል፤ ቢሆንም አዙር። የታሪክህ ወንዝ በሲሚንቶ የታሰረ፣ ሰማያዊ፣ ስሙ «ኬ-አራት» ይሁን።

ስድስተኛ፦ የአገርህን ለቅሶ አትንካ

ሌላው ሁሉ ቢረሳህ ይህ እንዳይረሳህ። ስሜት የተከለከለበት ዘመን ምን ይመስል ነበር ብለህ ከፈለግክ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ትሄዳለህ፤ ያኔ መጽሐፍህ አለቀለት፣ ጥሩ ሊሆን ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በደርግ የቀይ ሽብር ጊዜ የወጣቶች ሬሳ ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ላይ ይጣል ነበር። ወላጅ ማልቀስ ተከለከለ፤ ሬሳውን የሚወስድም የጥይቱን ዋጋ ክፈል የተባለበት ጊዜ ነበር። ክኒን አልታደለም፣ ቀዶ ሕክምና አልተደረገም። የእናቶቹ ስሜት በቦታው ነበር፤ ፊታቸው ላይ እንዳይታይ ግን ታዘዘ። ከክኒኑ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ሁሉም እየተሰማው ሁሉም ያልተሰማው መስሎ ገበያ ይወጣል፣ ቡና ያፈላል፣ «ደህና ነኝ» ይላል።

መንግሥት ከእናት እንባ ምን ፈራ? ለቅሶ በእኛ ዘንድ ስብሰባ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድር ይመጣል፣ ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ የሟች ስም ይጠራል፣ «ምን ገደለው?» ተብሎ ይጠየቃል። ለቅሶን የከለከለ ምስክርን ከልክሏል። ሎውሪም በሌላ መንገድ እዚሁ ደርሳለች፤ ለመጽሐፏ መነሻ ከሆኗት ነገሮች አንዱ አባቷ በስተርጅና ትዝታቸው እየጠፋ ሄዶ የበኩር ልጃቸውን ሞት መርሳታቸው ነበር። ካላስታወሱ አያማቸውም፤ ካላመማቸው ግን ልጅቷ ለእሳቸው የት አለች?

ባለሥልጣን ልብወለድ ሲፈራ ምን እንደሚያደርግም ለመፍጠር አትድከም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አንተ ግን መጽሐፍ የሚያቃጥሉ ሮቦቶችን ጻፍ።

መንግሥት የሌለበትንም አዋጅ ተወው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የተባለ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጮክ ብላ በመሳቋ የተገሠጸች ልጃገረድ፣ «ሰው ምን ይላል» ተብሎ የተዋጠ ቁጣ፤ እነዚህን ከጻፍክ ወጣቱ አንባቢህ ጨለማው ዘመን ገና የሚመጣ አይመስለውም። ገጹን አጥፎ እናቱን ቀና ብሎ ያያታል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ የሚያውክ መጽሐፍ አትጻፍ።

ሰባተኛ፦ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ፍታው

መደምደሚያው ላይ ጀግናዋ ወደ ዋናው ማማ ትውጣ፣ አንድ ቁልፍ ትጫን። ወዲያው ስሜት፣ ጠፍቶ እንደመጣ መብራት፣ በየቤቱ ቦግ ይበል። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ያልቅስ፣ ይተቃቀፍ፣ መንግሥቱም በዚያው ይውደቅ።

ደርግ በ1983 ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ተቆፍረው ቤተሰብ የልጁን አፅም ሲፈልግ ለቅሶው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ እንደተጀመረ አታንሣ። ታፍኖ የቆየ ሐዘን በታወጀለት ቀን አይመጣም፤ አንዱ ጋ በቁጣ ይመጣል፣ አንዱ ጋ በዝምታ፣ አንዱ ጋ ጭራሽ አይመጣም። እናትየው ለማልቀስ ሲፈቀድላት እንዴት እንደሚለቀስ ግራ ብትጋባ፣ ያ መጨረሻ አንባቢን ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣዋል። ቁልፉ ይሻላል።

ከዚያ ሽፋኑ ላይ ጀርባዋን የሰጠች ልጅ አቁም፣ «ክፍል አንድ» ብለህ ጻፍ፣ አሳትም። ምክሬን አንድም ሳታጓድል ከፈጸምክ ያለምከው ማኅበረሰብ በእርግጥ ይፈጠራል፤ ፍቅር አይሰማውም፣ ፍርሃት አይሰማውም፣ ሐዘን አይሰማውም። አባላቱም መጽሐፍህን ገዝተው እስከ መጨረሻው ያነበቡት ናቸው፤ የከፈሉት ብር ትዝ ሲላቸው ከሚሰማቸው ቁጣ በቀር ምንም አይሰማቸውም።