እማማ ሲያትልን ሲለኩ

ይድረስ ለአገር ቤት ወዳጆቻችን። እዚህ ሲያትል ያለው ሐበሻ ከናፍቆታችሁና ከቤት ኪራዩ በቀር ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የዛሬው ደብዳቤ ስለ አንድ እናት ነው። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁና ገንፎ ሊያገነፉ በሰኔ ከአዲስ አበባ መጡ፣ በጥቅምት ተመለሱ። ስማቸው ይቆየን፤ ያረፉበት ሕንፃ ነዋሪ፣ ሜክሲኳዊውም ቬትናማዊውም ሳይቀር፣ «እማማ» ነበር የሚላቸው።

በጉብኝት ቪዛ አሜሪካ ለሚገባ ሰው ኤርፖርት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የስድስት ወር ፈቃድ ይሰጠዋል። እናም በመንግሥት ዘንድ እማማ ጎብኚ ናቸው። ወጥ ቤቱ ግን በገቡ ማግስት እጃቸው ገባ። ሁለቱ ሻንጣዎች፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ሞልቶ፣ በሽሮ፣ በበርበሬ፣ በበሶና በአጥሚት እህል ተጠቅጥቀው ነበር። የራሳቸው ልብስ የቱ ጋ እንደነበረ እስካሁን አልታወቀም። በእጃቸው ደግሞ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል፤ ልጆቻቸው በስልክ ስለ ሲያትል ሲያወሩላቸው የኖሩት ዝናቡን ብቻ ነበርና።

ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ ገባ፣ ጃንጥላው ሳይዘረጋ ቀረ። ሐምሌ ለሲያትል ከዓመቱ ሁሉ ደረቁ ወር ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። እማማ የማታ ጸሎታቸውን ጨርሰው መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ ውጪው ገና ቀን ነው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» ይሉ ነበር ፀሐይቱን እያዩ።

አንድ ቀን አማቻቸው ስልኩን ከፍቶ የዝናቡን ልክ አነበበላቸው። ሲያትል በዓመት የሚዘንብባት 1,000 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ትበልጣለች። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ አብዛኛውን በክረምቱ ወራት ዱብ ታደርገውና ትገላገላለች፤ ሲያትል ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሰማይዋን ደፍና ቀኑን ሙሉ ታካፋለች። እማማ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ካፊያ ነው በለኛ! ይኼን ሁሉ ዘመን ለልጆቼ ሳዝን የኖርኩት ለካፊያ ነው?»

ከተማዋን መለካት የጀመሩት ከዚያን ዕለት ወዲህ ነው። ሁልጊዜ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ሲል ማለት ነው፣ ለእህታቸው እየደወሉ የዕለቱን ውጤት ያሳውቃሉ።

የሲያትል መታወቂያ የሆነው ስፔስ ኒድል እ.ኤ.አ. በ1962 ለዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ ማማ ሲሆን 184 ሜትር ይረዝማል። እማማ ሥሩ ቆመው ቀና ብለው አዩት፤ ቁመቱን ጠየቁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ነው። «ባንካችን ይበልጠዋል» አሉ፤ የቲኬቱም ገንዘብ ኪስ ውስጥ ቀረ። ቀጥሎ 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው የሬኒየር ተራራ ተራ ደረሰ። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና እዚያም ድሉ የአገር ቤት ሆነ። እዚህ ላይ ግን ዳኝነታቸው ማድላቱን ሳንናገር አናልፍም። ራስ ዳሸን ድሮም ከፍ ያለ ምድር ላይ ተቀምጦ ቁመቱን ይደብቃል። ሬኒየር ግን ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ብቻውን ተነሥቶ፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ለብሶ፣ ሰማዩ የጠራ ቀን ከአውራ ጎዳናው ጫፍ ድንገት ብቅ ሲል ሾፌሩን መንገድ ያስታል።

ያስቸገራቸው ባሕሩ ነው። ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር በር የላትም፤ እማማ ግን በሙሽርነታቸው ምፅዋ ወርደው ቀይ ባሕርን አይተዋል። አልካይ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ሲወሰዱ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ነከሩ፣ ወዲያው አወጡ። እዚህ ያለው የባሕር ውሃ በሐምሌም ቢሆን ወደ 13 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የምፅዋው በዚያው ወር ከ30 ያልፋል። በጣታቸው ጠቅሰው ቀመሱት። «ጨው አለው፤ ባሕርነቱን አልክድም። ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ባሕር ነው።» የዚያን ማታ ለእህታቸው የተነገረው ውጤት አቻ ነበር።

ፓይክ ፕሌስ የተባለው ገበያ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ዓሣ ሻጮቹ ክንድ የሚያህል ሳልመን እየጮኹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይወረውራሉ። እማማ ጠብ መስሏቸው የልጅ ልጃቸውን ጋሪ እየገፉ ሸሹ። ጠብ አለመሆኑ ሲነገራቸው ጭራሽ ተቆጡ፤ የሚበላ ነገር አይወረወርማ!

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን ባላርድ በሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1917 የተከፈተ፣ በሐይቅና በባሕር መካከል ጀልባዎችን ከፍና ዝቅ እያደረገ የሚያሳልፍ የውሃ በር አለ። ከጎኑ ለዓሣ የተሠራ ባለ 21 እርከን መሰላል አለ፤ ሳልመን ከባሕር ሲመለስ በዚያ ወደ ሐይቁ ይወጣል። ደረጃውን ወደ ታች ሲወርዱ ጨለም ያለ ክፍል ያገኛሉ፤ በግድግዳው ላይ ወፍራም መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ አረንጓዴ ውሃ። ጊዜው የነሐሴ መጨረሻ ነበር። ዓሦቹ ፊታቸውን ወደ ወራጁ አዙረው፣ ጅራታቸውን ብቻ እያወዛወዙ፣ ባሉበት ቆመዋል። የአንዱ ጀርባ ተልጧል፣ ክንፉም ተበጣጥሷል። እማማ መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው ተጠጉት።

«ምን አግኝቶት ነው?»

አርባን ሊደፍን የተቃረበው ላጤው ታላቅ ልጃቸው ያስረዳ ጀመር። ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይወለዳል፣ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ እንቁላል ለመጣል ወደ ተወለደበት ይመለሳል። ወንዙን የሚለየው በማሽተት ነው።

«አየህ?» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ። «ዓሣ እንኳን የተወለደበትን ውሃ ሽታ አልረሳም። አንተ ስንት ፋሲካ አለፈህ?»

ልጅየው መውጫ ያገኘ መሰለው። «እማዬ፣ ዓሣው እኮ እንደተመለሰ ይሞታል።»

«ወልዶ ነዋ የሚሞተው! አንተስ እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ወለድክ?»

አጠገባቸው የቆሙ ሐበሾች ሳቃቸውን መደበቅ አልቻሉም። ታላቁ ልጅ ከዚያ በኋላ እናቱን ለማስጎብኘት ጊዜ አላገኘም፤ ሥራ በዝቶበት ነው አሉ። እማማ ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ፣ ጠበሉ እስኪታደል ድረስ፣ ያላገቡ ልጃገረዶችን ወላጆች እየለዩ መተዋወቅ ያዙ።

መስከረም ላይ የልጅ ልጃቸው ሰማንያ ቀኗን ደፍና ክርስትና ተነሣች። ልጃቸውም ወደ ሥራ ልትመለስ ሆነ፤ ያኔ ነው የእማማ ዋጋ በዶላር የታየው። በዚህ ከተማ አንድ ጨቅላ ለማዋል የሚከፈለው ገንዘብ ከቤት ኪራይ ጋር ይፎካከራል። ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው «እባክሽ ስድስቱን ወር ጨርሺ» ብለው ለመኗቸው። እማማ ሰማዩን አይተው ነበር፤ ካፊያው ጀምሯል። «እውነተኛ ዝናብ ቢሆን እታገሠው ነበር» ብለው ሻንጣቸውን አወረዱ።

እንግዲህ እናቶቻችሁን ወደዚህ ለመላክ ያሰባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አደራችሁን በሰኔ ላኩልን። በታኅሣሥ አይሆንም፤ ያኔ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው፤ ለእንግዳ የሚታይ ተራራም የለም። የእማማ ልጆች ለሚመጣው ሰኔ ቲኬት እያጠያየቁ ነው። ታላቁ ልጅ ብቻ ድርሻውን ገና አላዋጣም።