ዱላ የቀመሰ ሰንጋ

እንጦጦ ፓርክ ወጥቶ በባሕር ዛፉ መሀል ሲንሸራሸር የዋለ ሰው ሲወርድ የሚያምረው ሥጋ ነው። ብርዱም አለ፣ ዳገቱም አለ። አንዱ ሥጋ ቤት ይገባል፣ ግማሽ ኪሎ ጥብስ ይታዘዛል፣ ከዚያ የመንጋጋ ሥራ ይጀመራል። ቢያኝኩት ቢያኝኩት አልዋጥ ይላል። ሒሳቡ ግን ያው ነው። አስተናጋጁን ብትጠይቁት «የሐረር ሰንጋ እኮ ነው» ይላችኋል። (የሐረር ያልሆነ በሬ በዚህ ከተማ ታርዶ ያውቃል?) እኛ ጠባሹን እንረግማለን፣ ጠባሹ ሉካንዳውን፣ ሉካንዳው ነጋዴውን። በሬው ምን ሆኖ እንደመጣ የጠየቀ የለም።

ለመጠየቅ ደግሞ ሩቅ አያስኬድም፤ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካለው ካራ ከብት ገበያ ጎራ ማለት ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ሂዱና እዩት። ሌሊቱን በአይሱዙ ቆሞ የመጣው ሰንጋ ቀንዱ ከብረቱ ጋር ታስሯል። ወለሉ በእበትና በሽንት ረጥቦ ያንሸራትታል፤ የወደቀውን ሌላው ይረግጠዋል። ማውረጃ ፈልጎ የሚጨነቅ የለም፣ ዝለል ነው። እምቢ ካለ ጭራው ይጠመዘዛል፣ ጀርባው ላይ ዱላ ይወርዳል። ውሃ? ማን አስታውሶት። ከዚያ በአስፋልቱ፣ በመኪና ጥሩምባ መሀል እየተነዳ ወደ ገዢው ደጅ። በማግስቱ ቢላዋ።

ነገሩ የርኅራኄ ብቻ ቢሆን ዝም ብለን እናልፈው ነበር፤ ለምደናላ። ግን የምንበላው እኛው ነን። የበሬ ጡንቻ ግላይኮጅን የሚባል የተጠራቀመ ስኳር አለው። ያረፈ በሬ ሲታረድ ይህ ስኳር ወደ አሲድ ይለወጥና የሥጋው ፒኤች ከ7 ገደማ ተነስቶ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል፤ ሥጋው ደመቅ ብሎ ይቀላል፣ ሳይበላሽም ይቆያል። ሲደበደብ፣ ሲጠማና ሲደነግጥ ያደረው ግን ስኳሩን በቁሙ ጨርሶታል። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቢላዋ ላይ ይጣበቃል፣ ቶሎ ይበላሻል። ዱላ ያረፈበት ቦታ ደም ቋጥሮ ይገኝና ተቆርጦ ይጣላል፤ በእኛው ገንዘብ።

የቄራ ማህተም አለው ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። ማህተሙ የሚናገረው ስለ ጤንነቱ እንጂ አርፎ ስለ መታረዱ አይደለም። አዋጅም አልጠፋም፤ የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። በሬው ያው በጭራው እየተጠመዘዘ ነው።

እኛስ ብንሆን? ቅርጫው እንደተከፋፈለ ትኩሱን ሥጋ በፌስታል ቋጥረን እንፋሎቱ ሳይበርድ ፍሪዘር ውስጥ እንወረውረዋለን። ገና ሳይደርቅ ብርድ የመታው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሳምንቱን ሙሉ የምናኝከውን ጎማ የምንሠራው በገዛ እጃችን ነው። ሌላ አገር ሥጋውን በቀዝቃዛ ክፍል ሰቅለው እስኪለሰልስ ቀናት ይጠብቁታል። እኛ 55 ቀን ጾመን ሌላ ሳምንት ጠብቁ ብንባል የሚሆነውን ተዉት።

ለመጪው በዓል ሰንጋ የምትገዙ ግን፣ እባካችሁ በዋዜማው አትግዙ። ቀደም ብላችሁ ግዙት፣ ጥላ ሥር እሰሩት፣ ውሃ አጠጡት፣ የሚነዱትንም ልጆች ዱላውን አስጥሏቸው።