የማያውቁትን ፍሬ አበላሽቶ የመብላት መመሪያ

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ በሚያዘልቀው መንገድ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶና ዘይቱን፣ ወቅቱ ሲደርስም ጊሽጣና ካዝሚር በጋሪ ይሸጣሉ። ከዚሁ አካባቢ የሚነሣ ነጋዴ ለልብስና ለሸቀጥ ባንኮክ ደርሶ ይመለሳል፤ ለሕክምና ወደዚያው የሚበርም አለ። እዚያ ያለው የፍራፍሬ ገበያ ደግሞ እሾሃሙን ዱሪያን፣ ፀጉራሙን ራምቡታን፣ ቅርፊታሙን ሳላክና ወይን ጠጅ ልጣጭ ያለውን ማንጎስቲን ይዞ ይጠብቀዋል። የሚከተለው ምክር ለሁለቱም ገበያ የሚያገለግል የተገላቢጦሽ ምክር ነው፤ አንድን እንግዳ ፍሬ አበላሽቶ ለመብላት ምን ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ በቅደም ተከተል ይናገራል። በዚህ መልክ ያቀረብሁት ሰው የሚጎዳበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ፍሬ ከአገር አገር ሲሻገር የአበላሉ ዕውቀት አብሮት አይሻገርም፤ ጉዳቱ የሚደርሰውም በዚህ ክፍተት ነው።

የመጀመሪያው የስህተት እርምጃ ቀላል ነው፤ ፍሬውን ከሚያውቁት ነገር ጋር ያመሳስሉትና እንደዚያው ይብሉት። ይህ የት እንደሚያደርስ ለመረዳት ራሳችንን በእንግዳ ዓይን ማየት ይበቃል። አንድ የታይላንድ ገበሬ ወደ ጉራጌ ወይም ወደ ሲዳማ መጥቶ በየጓሮው ያለውን እንሰት ሙዝ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ ሁለቱ ተክሎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ቅጠላቸውም ይመሳሰላል። ሙዝ ነው ብሎ ፍሬውን ቢጠብቅ ግን የሚያገኘው በደረቅ ጥቁር ዘር የታጨቀና ለምግብ የማይሆን ነገር ነው። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚመገበው እንግዳው ከቁም ነገር ከማይቆጥረው ግንድና መሬት ውስጥ ካለው አምቾ ነው። እሱም ቢሆን ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት ካልተብላላ ቆጮ አይሆንም። ይህን ሁሉ ተክሉን አይቶ መገመት የሚችል ሰው የለም። የአካባቢው ሴቶች ከእናቶቻቸው ተቀብለው ያቆዩት ሙያ ነው። የእኛ ሰው ባንኮክ ገበያ ውስጥ ሲቆም በዚያ ገበሬ ቦታ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ የሚያቀብለው ግምትም ከዚያ የተሻለ አይሆንም።

ሁለተኛው እርምጃ ሻጩን «ይበላል?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» ሲባል መጠየቅ ማቆም ነው። ይህ ጥያቄ አንድ ፍሬ ሁለመናው አንድ ዓይነት ነው ብሎ ስለሚነሣ መልሱ እውነት ሆኖም ሰውን ሊያሳስት ይችላል። ካዝሚርን እንውሰድ። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን በእኛ ምሥራቅ ለምዶ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። ሥጋው ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ልጣጩ ይመራል፤ ዘሩ ግን መርዛማ ነው፤ በሜክሲኮም ከጥንት ጀምሮ እንቅልፍ በማምጣት ይታወቃል። ስለዚህ «ካዝሚር ይበላል» የሚለው ቃል ስለ ሥጋው እውነት፣ ስለ ዘሩ ሐሰት ነው። ጊሽጣም እንዲሁ ነው። በታይላንድ ገበያ ዘመዱ በብዛት ስለሚገኝ መንገደኛው እንደ አገሩ ፍሬ ደስ ብሎት ያነሣዋል፤ ማንሣቱም ተገቢ ነው። የጊሽጣ ዘር በስህተት ሲዋጥ ጠንካራ ሽፋኑ ሳይሰበር ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ጉዳት አያስከትልም። ሲፈጭ ግን ውስጡ ያለው መርዝ ይወጣል፤ በታይላንድና በሌሎችም አገሮች የተፈጨው ዘር የራስ ቅማል መግደያ ሆኖ ያገለገለው፣ ዓይን ውስጥ ሲገባም ክፉኛ የሚጎዳው ለዚህ ነው። አበላሽቶ መብላት የሚፈልግ ጊሽጣውን ከነዘሩ መፍጫ ውስጥ ይጨምር፤ ጁስ የሚፈጭ ቤተሰብ ሁሉ በአንዲት ቁልፍ የሚደርስበት ስህተት ነው። ሽፈራውም ትምህርት ይሰጣል፤ ኮንሶዎች የእነሱን ዝርያ ቅጠሉን ቀቅለው ከኩርኩፋ ጋር ሲበሉት፣ ታይላንዶች የቅርብ ዘመዱን ረጅም ፍሬ ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል። ከዛፉ ላይ ምግብ የሚሆነውን ክፍል እያንዳንዱ ሕዝብ በራሱ መንገድ ለይቷል።

ሦስተኛው እርምጃ ብስለትን በቀለም መወሰን ነው። አዲስ አበባ የሚደርሰው ሙዝ አረንጓዴ ሆኖ ተቆርጦ በተዘጋ ክፍል በላምባ ጭስ ቢጫ ሲደረግ ኖሯል፤ ስለዚህ ልጣጩ ስለ ውስጡ የሚመሰክረው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል እኛ ካልበሰለ የማንነካው ፓፓያ በታይላንድ ገና አረንጓዴ ሳለ ተከትፎ፣ በሎሚና በቃሪያ ተወቅጦ በየመንገዱ የሚበላ ሰላጣ ነው። ጥሬ መሆኑ ጉድለት ሳይሆን የምግቡ ዓላማ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥሬው ፓፓያ ወተት መሳይ ፈሳሽ ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት እንድትርቀው በብዙ አገር ይመከራል። ማንጎስቲን ደግሞ ቀለሙ ሳይለወጥ ያረጃል፤ የሚያሳብቀው ልጣጩ ነው፤ ትኩሱ በጣት ሲጫኑት ትንሽ ገባ ይላል፣ የከረመው እንደ እንጨት ይጠነክራል። የብስለት ጉዳይ ከጣዕም አልፎ ሕይወትን እንደሚነካ በጣም ያሳየው ግን ላይቺ የተባለው ፍሬ ነው። በሕንድ ቢሃር ግዛት ሙዛፋርፑር በላይቺ ወቅት ሕፃናት በድንገት እየተንቀጠቀጡ ራሳቸውን ይስቱና ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመርምሮ በ2017 የታተመው ጥናት ምክንያቱን አገኘ፤ ፍሬው ሰውነት ስኳር እንዳይሠራ የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ መጠናቸውም ባልበሰለው ይበዛል። ሕመሙ የመታው ቀኑን ላይቺ ሲበሉ ውለው እራት ሳይበሉ የተኙትን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች ነበር። ያው ፍሬ እራት ለበላ ጎልማሳ ጣፋጭ ማሳረጊያ ነው። ስለዚህ አደጋውን የሚወስኑት ፍሬው፣ የብስለቱ ደረጃና የሚበላው ሰው ሁኔታ በአንድነት ናቸው።

አራተኛው እርምጃ አትክልቱን ከምድጃው መለየት ነው፤ ሥሩን ይግዙ፣ እንዴት እንደሚበስል የሚነግርዎትን ሰው ይተዉ። ጎደሬ ጥሬውን ወይም በጥድፊያ ተቀቅሎ ቢበላ አፍና ጉሮሮ ያሳክካል፤ ውስጡ መርፌ መሳይ ደቃቅ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉት። ጎደሬ ለትውልዶች የበላው የወላይታና የከፋ ቤተሰብ በደንብ ቀቅሎ ስለሚያቀርበው ይህ ችግር አይገጥመውም። ካሳቫ ከዚህ የከፋ ነው፤ በተለይ መራራው ዝርያ ሲፋቅና ሲፈጭ ሳያናይድ ያወጣል፤ የሚድነው በመዘፍዘፍ፣ በማብላላትና በፀሐይ በማድረቅ ነው። በጋሞና በጎፋ ዱቄቱ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1981 በሞዛምቢክ ናምፑላ ድርቅ በመታቸው መንደሮች ረኀብ ያጣደፋቸው ሰዎች የዝግጅቱን ቀናት አሳጠሩ፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ እግራቸው ሽባ ሆነ። እነዚያ ሰዎች ካሳቫን የማያውቁ አልነበሩም፤ ችግር ሁለት ሦስት ቀን ስለነጠቃቸው ብቻ ተጎዱ። ዝግጅቱን ጭራሽ ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ገዢ ከእነሱ የተሻለ ጥበቃ የለውም።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርብ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ምላስ ይህን እንዲለይ ተፈጥሯል፣ መርዝ ይመራል፣ መራራውን የሚተፋ ሰው ደህና ነው ይባላል። በከፊል እውነት ነው፤ የሚመር ዱባ ወይም ቅል የቀመሰ ሰው መትፋቱ ብልህነት ነው። ምላስ ግን ሁሉንም አይለይም። ላይቺ ጣፋጭ ነው። ጓያም ጣዕሙ መልካም ነው፤ ሆኖም በደምቢያና በፎገራ በክፉ ዘመን ለወራት ከእሱ በቀር ሌላ ያላገኙ ሰዎች እግራቸው ተሳስሮ ቀርቷል፤ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ለዓመታት አጥንተዋል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በታይላንድ ገበያ የሚሸጠው፣ ሲቆረጥ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የሚሆነው ካራምቦላ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በልክ ቢበላው ምንም አይሆንም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ፍሬው ውስጥ ያለውን የነርቭ መርዝ ማስወገድ ስለማይችል መጀመሪያ የማያቋርጥ ስቅታ፣ ቀጥሎ መደናገር፣ ከዚያም መንቀጥቀጥና ሞት ሊደርስበት ይችላል። የብራዚል ተመራማሪዎች ይህን መርዝ እ.ኤ.አ. በ2013 ለይተው ካራምቦክሲን አሉት። በጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኞቻችን ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ ይወጡ ነበር፤ ዛሬም ለኩላሊት ወደ ባንኮክ የሚጓዝ ሰው ይኖራል። ለታመመ ሰው ፍሬ ይዞ መሄድ በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ነው። ያ ሕመምተኛ ደግሞ ከማንም በላይ ስለ ካራምቦላ መስማት ያለበት ሰው ነው፤ አስታማሚውም ጭምር።

ሌላው ተቃውሞ ከገጠር ልጅነት የሚነሣ ነው፤ እረኞች እንኮይ፣ አጋም፣ ዶቅማና ሾላ ማንንም ሳይጠይቁ በልተው አድገዋል ይባላል። ማንንም አልጠየቁም የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ትንሹ እረኛ የሚበላው ትልቁ ሲበላ ያየውን ነው፤ የትኛው ቁጥቋጦ እንደማይነካና የአጋም ፍሬ ምን ያህል መጥቆር እንዳለበት ከሜዳ ሳይወጣ ይማራል። ምሳሌው ለእኔ ክርክር ይመሰክራል እንጂ አይቃወመውም፤ ያ ልጅ ፍሬውን ከነዕውቀቱ ነው ያገኘው። አዲስ አበባ ላይ የተቋረጠው ይህ ሰንሰለት ነው። ከአርባ ምንጭ ወይም ከሐረር የተጫነው ፍሬ በደላላና በጅምላ ነጋዴ እጅ አልፎ ባለ ጋሪው ዘንድ ሲደርስ፣ ባለ ጋሪው ዛፉን አይቶት ላያውቅ ይችላል።

ዕውቀቱን ከሻጩ እንጠይቅ ሲባል ሻጭ ሊሸጥ ነው የሚናገረው፣ ባንኮክ ላይ ደግሞ ቋንቋው አይገባም የሚል ይኖራል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ጥያቄው ከተስተካከለ ግን ሁለቱም ይቃለላሉ። «ጥሩ ነው?» የሚል ጥያቄ የሻጩን ጥቅም ይጠራል፤ «እርስዎ ቤት ለልጆች እንዴት ነው የሚያቀርቡት?» የሚለው የእናትነትና የማድ ቤት መልስ ያመጣል። ቋንቋ በሌለበት ደግሞ ዓይን ይሠራል፤ የታይላንድ ሻጮች ፍሬ ልጠውና ቆራርጠው ከጨውና ከቃሪያ ዱቄት ጋር ስለሚሸጡ ምን እንደሚጣል ፊት ለፊት ይታያል። አስቀርተው የሚጥሉት ዘር ካለ በምክንያት ነው። የማያውቀውን ፍሬ በጠረኑ ብቻ ለሚፈርድ ሰው ደግሞ ዱሪያን አለ፤ ሽታው ስለሚከብድ የሲንጋፖር ባቡሮችና በታይላንድ ያሉ ብዙ ሆቴሎች ይከለክሉታል፤ ሥጋው ግን የቅቤና የክሬም ያህል ለስላሳ ነው፤ ወዳጆቹም የፍሬዎች ንጉሥ ይሉታል። ከአልኮል ጋር እንዳይበላ የአካባቢው ሰው ከጥንት ያስጠነቅቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ እንዳሳዩት የዱሪያን ድኝ አዘል ውህዶች ሰውነት አልኮልን የሚያጣራበትን ኢንዛይም ያዳክማሉ።

እንዲህ ከሆነ አዲስ ነገር አንቀምስም ማለት ነው? አይደለም፤ ጥሩው ማስረጃ በየጁስ ቤቱ አለ። አቮካዶ እ.ኤ.አ. በ1938 አካባቢ በሂርና በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባ እንግዳ ነበር። ከተማው ቀስ በቀስ ተማረው፤ ሲበስል እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ዘሩ እንደሚጣል፣ ሎሚና ቪምቶ ሲጨመርበት እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር ተደራርቦ ስፕሪስ እንደሚሆን። የትውልድ አገሩ ሰዎች፣ ሜክሲኮዎች፣ ያላሰቡትን አበላል ፈጠረለት። ይህ ግን የአንድ ሰው ድፍረት ሥራ አልነበረም፤ ዓመታት የፈጀ የብዙ ሰው ትምህርት ነበር። ካዝሚርም ሌላውም እንግዳ ፍሬ በዚያው መንገድ ቢሄድ እመኛለሁ።

የመጨረሻው የስህተት እርምጃ ከሁሉ የሚሰፋ ጉዳት ያመጣል፤ የወደዱትን ፍሬ ዘር ወይም ችግኝ ሻንጣ ውስጥ ደብቀው የቦሌን የዕፅዋት ቁጥጥር ሳያሳዩ ያስገቡ። የሌላውን ሰው ጓሮ የማያስብ ሰው የሚያደርገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሎኮ በሚባል ቦታ ነጩ የማንጎ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዘገበ፤ ከውጭ በገባ ችግኝ ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። ቅጠሉን ይመጠምጣል፤ ፍሬውንም ያሳንሳል፤ በልጣጩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይተዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተስፋፍቷል፤ ዋጋውን የሚከፍሉትም ከውጭ ችግኝ አስመጥተው የማያውቁ ገበሬዎች ናቸው።