መጽሐፉ እንዲህ ይላል

ፈረንጅ ስለ አገራችን የጻፈውን የቱሪስት መመሪያ መጽሐፍ ማንበብ፣ ጎረቤት ስለ እኛ የሚያወራውን በአጥር ቀዳዳ እንደ መስማት ነው። አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ያበግናል። ከሁሉ የሚያበግነው ግን እውነት ሆኖ የሚገኘው ነው።

የአጎቴ ልጅ ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዛ ነው። እዚያው ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ለሰላምታ፣ ለምግብና ለይቅርታ ይበቃል። መጽሐፉን የተዋሰችው ከጓደኛዋ ሲሆን ጠርዙ ተበልቷል፣ ገጾቹም ቡና ጠጥተዋል። አክስቴ ገና ሻንጣው ሲከፈት አየችውና ኩርፍ አለች። “እኔ በቁሜ እያለሁ የአባቷን አገር መጽሐፍ ልትጠይቅ?” ከዚያች ዕለት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሁለት አስጎብኚ ተቀመጠ። አንደኛው ማውጫ አለው፣ ሁለተኛዋ የላትም።

የመጀመሪያው ጦርነት በክትፎ ተከፈተ። መጽሐፉ ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣልና ተጠንቀቁ ይላል። ይህ ሲነበብ አክስቴ ጣባውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። “ስለ ኮሶ ነው እኛን የሚመክሩን? ዛፉ እኮ የበቀለው በደጃችን ነው!” በስንት ሽምግልና ክትፎው ለብ ለብ ተደርጎ ሰላም ወረደ። ያው መጽሐፍ ግን ዝቅ ብሎ፣ ጉርሻ ሲቀርብ እምቢ ማለት ነውር ነው ብሎም ጽፏል። አክስቴ ይህችን ስትሰማ መጽሐፉን ወደደችው። “መጽሐፍሽ ምን አለ? በይ አፍሽን ክፈቺ!” ምስኪኗ ልጅ በገዛ መጽሐፏ ተፈርዶባት ጎረሰች።

ዋጋውን ባናነሳው ይሻላል። መጽሐፉ የተጻፈው አንድ ዶላር ወደ 23 ብር ይመነዘር በነበረበት ጊዜ ነው፤ እሷ የመጣችው ደግሞ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ። አንድ ካፌ ተቀምጠን የማኪያቶውን ዋጋ ከመጽሐፉ ስታነብለት አስተናጋጁ ጓደኞቹን ጠርቶ አስደገማት። “እህቴ፣ ይሄ ቤት የት ነው? እኛም እዚያ ሄደን እንጠጣ” አላት።

ካርታውም የራሱ ጠባይ አለው። ቦሌ መንገድን አፍሪካ ጎዳና ይለዋል። አልተሳሳተም፤ በመዝገብ ላይ ያለው ስም ይኸው ነው። ባለታክሲው ግን “አፍሪካ” የምትለውን ብቻ ሰምቶ በሜክሲኮ አድርጎ አፍሪካ ኅብረት ደጃፍ ላይ አወረደን። ስለ ፒያሳ ደግሞ መጽሐፉ አውርቶ አይጠግብም። የእንጨት በረንዳ ያላቸው አሮጌ ቤቶች፣ ወርቅ ቤቶች፣ ቁልቁለቱ፣ ምኑ ቅጡ! ሄድን። ብዙው በ2016 ከፈረሰ ወዲህ የሚታየው ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመር፣ ከወዲያ ደግሞ አዲሱ የዓድዋ መታሰቢያ ነው። ልጅቷ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ሁሉ አየችው። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቃ ቆመችለት፤ “እሱ ምን ያድርግ፣ እኔም እኮ ጠፍቶብኛል።”

ጊዜ ያለፈበት መመሪያ ይህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1938 እ.ኤ.አ. “የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ” ለምትለው ግዛቷ መመሪያ መጽሐፍ አሳትማ ነበር፤ መንገዱን፣ ከተማውን፣ ካርታውን አሟልታ፣ ከአያቶቿ የወረሰችው ርስት ይመስል። በሦስት ዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ካርታው እንኳ ደህና ነበር፤ የተሳሳተው የባለቤቱ ስም ነው። በዚያው ዘመን ተጭኖ የሄደው የአክሱም ሐውልትም ሮም መካከል ቆሞ ለአሥርት ዓመታት የሮም ጎብኚ ሲያየው ኖረ። በ1997 አገሩ ገባ፣ በ2000 አክሱም ላይ ቆመ። ዛሬ አሮጌ የሮም መመሪያ ይዞ ፋኦ ሕንፃ ፊት ለፊት ሐውልት ሲፈልግ የሚውል ቱሪስት ካለ፣ እግዜር ያሳየኝ።

መጽሐፉን እንዲህ ብቦጭቀውም ውለታውን አልክድም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ “የ13 ወር ፀጋ” ብለው አገሩን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ፖስተሩ ላይ የነሐሴ ጭቃ አልነበረም። መጽሐፉ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ጃንጥላ ያዙ ብሎ በግልጽ ይመክራል። ሰሜኑን በአውቶቡስ ዙሩ የሚለውን ምክሩን ግን ዘለልነው፤ በዚህ ጊዜ መንገድ ክፍት መሆን አለመሆኑ የሚጠየቀው ሹፌር እንጂ መጽሐፍ አይደለም። ስለዚህ ላሊበላ በአውሮፕላን ሆነ። ትኬቱ 7፡00 ይላል። ይህን ያየችው አክስቴ “ምሳ በልተን እንደርሳለን” ብላ ማልዳ ሽንኩርት መክተፍ ልትጀምር ስታቅድ፣ ልጅቷ ስለ ሰዓት የሚያወራውን ገጽ ገለጠች። አየር መንገድ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ያለ መጽሐፉ አውሮፕላኑን የምናየው ሽንኩርት እየከተፍን፣ ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ነበር።

መቼም አክስቴ ላሊበላን አይታ አታውቅም ነበር። ለእሷ አገር መጎብኘት ማለት ዘመድ ያለበት መሄድ ነው፤ ደብረ ብርሃንን የምታውቀው በአጎቷ ቤት፣ ሐዋሳን በክርስትና ልጇ ነው። ላሊበላ ዘመድ የለንም። አስራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ስንዞር መጽሐፉና የአካባቢው አስጎብኚ ከቃል ቃል ተስማሙ፤ ከአለት የተፈለፈለ ነገር ዋጋ አይጨምር፣ አድራሻ አይቀይር። ከቤተ ገብርኤል ወዲያ ሲኦልን ይመስላል የሚባለው ጨለማ ዋሻ አለ። መጽሐፉ ባትሪ ያዙ ስለሚል ልጅቷ የስልኳን መብራት አበራች። አክስቴ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው ነጠላዬን ይዛ ከኋላ ጮኸች፤ “አጥፊው! ሲኦል በባትሪ አይታለፍም!”

የመረረው ጠብ ግን የቁንጫው ነው። ጫማ አውልቃችሁ ምንጣፍ ላይ ስለምትቆሙ ካልሲ አድርጉ፣ የቁንጫ መድኃኒትም ንፉበት ይላል መጽሐፉ። “የቅዱስ ላሊበላን ቤት ቁንጫ አለበት አሉት?” አክስቴ ልጅቷ ካልሲዋ ላይ መድኃኒት ስትነፋ እያማተበች በባዶ እግሯ ገባች። ማታ ሆቴል ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ እግሯ ከጠረጴዛው በታች አላርፍ አለ። አንዱን በአንዱ ታክካለች። ልጅቷ አየች፣ እኔም አየሁ። “ከአውሮፕላኑ ነው” አለች አክስቴ። “ወንበሩ ጨርቅ አይደል።”

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ከመጽሐፉ ጋር ታርቃለች። እንዲያውም ወንድሟ መጥተሽ ጠይቂኝ ብሎ የቪዛ ወረቀት ስለጀመረላት፣ “የዋሽንግተኑ የለም ወይ?” ብላ አዘዘች። ልጅቷ በስልኳ አንዱን አግኝታ ትተረጉምላት ጀመር። ዋይት ሀውስ፣ የሊንከን መታሰቢያ፣ ሙዚየሞቹ መግቢያ አይከፈልባቸውም... አክስቴ በደስታ ትነቀንቃለች። ቀጥሎ የምግቡ ገጽ መጣ፤ ዋሽንግተን መጥታችሁ ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ፣ የኢትዮጵያ ምግብ፣ በእጅ የሚበላ፣ እንጀራ በወጥ።

“ቆይ” አለች አክስቴ፣ “ኤምባሲ በር ላይ የምሰለፈው ለዚህ ነው?”