ሐተታ ሶፋ ዘካዛንቺስ

ሶፋ በሁለት ይከፈላል፤ የሚቀመጡበትና የሚገቡበት። የሚቀመጡበት ላይ ሰውየው ከላይ ሆኖ ይታያል። የሚገቡበት ላይ ግን የሚታየው ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው፤ የቀረው አካሉ መኖሩ የሚታወቀው ጉልበቱ ከአገጩ ፊት ለፊት በመቆሙ ነው። ይህ ሐተታ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ምንም ችግር ስለሌለበት ለጥናት አይመችም።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። የሶፋ ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ «ሱፋ» ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ መቀመጫ ማለት ነው፤ በእኛ አገር መደብ የምንለው። ቃሉ ወደ ቱርክ ተሻገረ፣ ከዚያ አውሮፓን ዞረ፣ ከዚያ ስፖንጅና ቬልቬት ለብሶ እኛ ዘንድ መጣ። ስለዚህ አያቱ በጭቃ ለስና የሠራችውን መደብ አፍርሶ ሶፋ ያስገባ ሰው፣ መደብ አፍርሶ መደብ ገዛ ማለት ነው። ልዩነቱ የአያቱ መደብ ዕዳ ያልነበረበት መሆኑ ነው።

ቋንቋችን ለመቀመጫ ክብር የሚነፍግ አይደለም። አልጋ መኝታ ሲሆን ዙፋንም ነው፤ አልጋ ወራሽ የሚባለው ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚወርስ ሰው አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ጉባኤ ሲከፍት ወንበር ዘረጋ ይባላል። ከመንበርም ሊቀ መንበር ወጥቷል፤ እሱን እንኳ እናውቀዋለን። ሶፋ ግን እስካሁን ምንም አልተሾመበትም። ሊቀ ሶፋ የለንም፤ ሶፋ ወራሽ ቢኖርም ጉዳዩ የሚታየው በፍርድ ቤት ነው። ምናልባት ከወንበር መነሣት ይህን ያህል ካስቸገረ ከሶፋማ ምን ሊኮን ነው ተብሎ ተፈርቶ ይሆናል።

የጥናቱ ቦታ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቤት ነው፤ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚያሠራበት ተቋም «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፣ ቤቶቹን «ካዜ ኢንቺስ» አሏቸው፤ የአዲስ አበባ ሰው አጣጥፎ አንድ ቃል አደረገው። በኋላ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። አክስቴ የኖሩት ከእነዚህ ባንዱ፣ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑን እኔው በሜትር ለክቼዋለሁ፤ 3 ሜትር ከ40 በ2 ሜትር ከ90። አዋጁ ስለ ሶፋ ጥልቀት የሚለው ነገር የለም። አክስቴ በዚህ ክፍተት ተጠቀሙ።

ዕቁብ የወጣላቸው ጊዜ ሶፋ ሊገዙ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። አክስቴ ሶፋን የሚመረምሩት እንደ ዶሮ ነው፤ ደረቱን በጡጫ ይጫኑታል፣ ጎኑን ይዳብሳሉ፣ አንድ እግሩን ከፍ አድርገው ክብደቱን ይገምታሉ። «ውስጡ ምንድን ነው እንጨቱ?» አሉ። ሻጩ ልጅ «ዋንዛ ነው እማዬ» አለ። ውስጡ ስለማይታይ በዚህች ከተማ ያለ ሶፋ ሁሉ ዋንዛ ነው። ቀጥሎም የሙያው ዋና ቃል የሆነውን ተናገረ፦ «አይሰምጥም!»

ይህ ቃል አንድምታ ይሻል። አይሰምጥም አለ፤ ስፖንጁ ጠንካራ ነው ሲል። አንድም፣ እስካሁን ማንም ስላልተቀመጠበት አልሰመጠም ሲል። አንድም፣ ከዚህ ወዲያ የሚሰምጥበት የለውም፣ ከወዲሁ ጨርሷል ሲል። አንድም፣ የምትሰምጡት እናንተ ናችሁ እንጂ እሱ አይደለም ሲል። ሦስተኛው የሻጩ ነው፤ እኛ ቤት ከገባ በኋላ የጸናው ግን አራተኛው ነው።

«ሳሎኑ ሰፊ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ሰፊ ነው» አሉ አክስቴ። አልዋሹም። ሶፋው እስኪገባ ድረስ ሰፊ ነበር።

የገዙት ኤል ሼፕ ነው፣ ቡናማ፣ የመቀመጫው ጥልቀት 75 ሳንቲ ሜትር። አክስቴ አጭር ናቸው። ጀርባቸውን ሲያስደግፉ እግራቸው ከምንጣፉ ይለያል፤ እግራቸው ምንጣፉን ሲነካ ጀርባቸው ደጋፊ ያጣል። መፍትሔው ከኋላቸው አራት ትራስ መደርደር ሆነ። አራቱ ትራስ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወሰዱ፤ የቀረችው 45 ሳንቲ ሜትር እንግዲህ የተራ ወንበር ልክ ናት። ለጥልቀቱ ከፍለው ጥልቀቱን በትራስ ሞሉት። ለትራሱም ከፍለዋል።

ስለ አገባቡ ባጭሩ፤ በበሩ እምቢ አለ። መዝጊያው ተነቀለ፣ ቀጥሎ መቃኑ ተነቀለ፣ ሰባት ሰው «ወዳንተ! ወዳንተ! ጣቴን!» እየተባባለ አስገባው፣ መቃኑ ተመልሶ በጭቃ ተመረገ። በዚያ ቀን ስለ መውጫው ያሰበ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚህ አገር ሰው ሲገባ የተቀመጠ ይነሣል። «ኖር» ይላል፤ የገባው «በእግዜር» ይላል፤ ሁሉም ይቀመጣል። ሥርዓቱ የተደነገገው ለመደብ፣ ለዱካና ለበርጩማ ነው፤ ከእነዚህ ለመነሣት ማሰብ ብቻ ይበቃል። ጥልቅ ሶፋ ግን ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን አጥፎ፣ ብቻውን ቴሌቪዥን ለሚያይና ማንም ለማይገባበት ሰው የታሰበ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በካዛንቺስ አልተገኘም።

ከጥልቅ ሶፋ መነሣት አራት ዓይነት ነው። አንደኛው ባንድ ምት ነው፤ የወጣቶች። ሁለተኛው ቀዘፋ ነው፤ ተነሺው ግራና ቀኝ በእጁ እየገፋ ዳር ይደርሳል፣ እዚያ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ይነሣል። ሦስተኛው ተጎታች ነው፤ ሌላ ሰው እጁን ይዞ ያወጣዋል። እነዚህ ግልጽ ናቸው። አራተኛው ግን የግማሽ ብድግታ ነው።

በወንበር ዘመን የግማሽ ብድግታ የጠራ ትርጉም ነበረው። መቀመጫን አንድ ስንዝር ታህል ማንሣትና መመለስ፤ ይኸውም «አይቼሃለሁ፣ አክብሬሃለሁ፣ ግን እኩያዬ ነህ» ማለት ነው። ለአማት፣ ለቄስና ለታላቅ ሙሉ ይነሡለታል፤ ለታናሽ ራስ መነቅነቅ ይበቃል። ልኩን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፤ ነገር ግን ከስንዝሯ ላይ ሁለት ጣት ያጎደለ ሰው በሚቀጥለው ሠርግ ሳይጠራ ይቀራል፣ ለምን እንደቀረም ያውቃል።

ጥልቁ ሶፋ ይህን ልክ ከሥሩ ናደው። ሙሉ ለሙሉ ለመነሣት የሚታገልና ግማሽ ተነሥቶ ሊመለስ የፈለገ ሰው ከበር ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ትንሽ ከፍ ይሉና ይመለሳሉ። ልዩነቱ ያለው በልብ ውስጥ ነው። የአክስቴ ጎረቤት የነበሩ አንድ ጡረተኛ ሻምበል በዚህ የተነሣ ተጎድተዋል። አንድ ቀን ሲገቡ ሶፋው ላይ የነበረ የቀድሞ የበታቻቸው፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ከልቡ ሊነሣ ሞከረ፤ ሶፋው መለሰው። ሻምበል በዓይናቸው ለኩት፤ አንድ ስንዝር። «እኩያህ ነኝ?» አላሉም። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ፣ ሁዳዴን ሙሉ ቀሩ።

የታረቁት ለዳግም ትንሣኤ ነው። አክስቴ አስለምነው አመጧቸውና፣ ለክብራቸው ሲባል ሶፋው ላይ፣ ያውም ኤሉ የሚታጠፍበት ማዕዘን ውስጥ አስቀመጧቸው። ስለ ማዕዘኑ አንድ ነገር ልበል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው እግሩን የሚዘረጋበት አቅጣጫ የለውም፣ በሁለቱም በኩል ሰው አለ። ወዲያው የነፍስ አባታቸው ገቡ። ሻምበል ቀዘፉ። ከፍ አሉ፤ ተመለሱ። ደገሙ፤ ተመለሱ። በሦስተኛው፣ ከጥልቁ ውስጥ ሆነው ፊታቸውን ወደዚያ የቀድሞ የበታቻቸው አዞሩና «አንተ፣ ለካ በድዬሃለሁ» አሉ።

አንድ ረቂቅ ነጥብም አለ። ሦስት ሰው ባንድ ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ መካከለኛው የተነሣ እንደሆነ፣ የግራውና የቀኙ ወደ ጉድጓዱ ተንሸራተው ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ። ብዙ ጊዜ ሰላምታ መስሏቸው እንደገና ደኅንነት ይጠያየቃሉ።

አክስቴ ወር በገባ በ22 የዑራኤል ማኅበር አለባቸው፤ አባላቱ 12 ናቸው። እንግዲህ እንቁጠር። አንደኛዋ ስትገባ የሚነሣ የለም። ሁለተኛዋ ስትገባ አንዷ ትነሣለች፣ ሦስተኛዋ ስትገባ ሁለት፤ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለተኛዋ ስትገባ 66 ብድግታ ተፈጽሟል። ቄሱ ሲገቡ 12 ይጨመራል፤ 78። ይህ ሁሉ ጸበል ጸዲቁ ሳይቀርብ ነው። ከሰፈሩ በእግር የሚደረስበት የአፍሪካ አዳራሽ በ1955 ዓ.ም. ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ የ32 አገሮች ተወካዮችን ሲቀበል ሶፋ ዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ በአንድ ቢገቡ በዚሁ ቀመር 496 ብድግታ ይወጣ ነበር፤ ቻርተሩም ግንቦት 17 ቀን ባልተፈረመ።

ማኅበርተኞቹ ሒሳቡን አልሠሩትም፤ ጉልበታቸው ሠራላቸው። በሁለተኛው ወር አንዲት አሮጊት ቀደም ብለው መጥተው የፕላስቲክ ወንበር ያዙ። «ምነው፣ ሶፋው ምን አለና!» አሉ አክስቴ። «ኧረ እዚሁ ይመቸኛል፣ በሞቴ ተይኝ!» በሦስተኛው ወር ፕላስቲክ ወንበሮቹ በጠዋት አለቁ። በአራተኛው ከረከቦቱ አጠገብ ያለችው በርጩማ ሳትቀር ተያዘች፤ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ቆማ አፈላች። ሶፋው የቀረው ለዘገየ ሰው ሆነ። የአክስቴ ማኅበር በካዛንቺስ በሰዓቱ የሚጀምር ብቸኛው ማኅበር እንደነበር በሙሉ ልብ መመስከር እችላለሁ።

ከዚህ በኋላ ስለ ዳንቴሉ፣ ሻጩ ላስቲኩ ምን ጊዜ መገፈፍ እንዳለበት ስላስተላለፈው ትምህርት፣ በስንጥቆቹ ውስጥ ስለሚኖሩት ሳንቲሞችና ስለ ሪሞቱ የሚናገሩ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። ትቻቸዋለሁ። ላስቲኩ አልተገፈፈም፤ ሪሞቱ አልተገኘም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈረሰ። ብዙ ጎረቤት ወደ ገላን ጉራ ሄደ፤ የአክስቴም ዕጣ እዚያው ነበር። ቡፌው ወጣ፣ አልጋው ተፈትቶ ወጣ፣ መሶቡ በአክስቴ እጅ ወጣ። ሶፋው በበሩ እምቢ አለ። መቃኑን የነቀለው አናጢ ከሞተ ቆይቷል፤ ሰባቱ ሰዎችም የት የት እንደተበተኑ እግዜር ይወቅ። «ተዉት፣ ቤቱ ራሱ ይወጣለታል» አሉ አክስቴ።

እንዳሉትም ሆነ። ቆርቆሮው ተገፈፈ፣ የፊቱ ግድግዳ ወረደ፤ ሶፋው ከነበረበት ንቅንቅ ሳይል ደጅ ሆነ። ከፊቱ ጠረጴዛ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ እስከ ዑራኤል መንገድ ድረስ ባዶ። 3 ሜትር ከ40 በ2 ሜትር ከ90 ውስጥ ስንት ዓመት ከርሞ ሰፊ ሳሎን ያገኘው ያን ቀን ነው። አክስቴ ትራሶቹን ከኋላቸው ደረደሩና አይሱዙው እስኪመጣ ተቀመጡበት። መዝጊያ የተሸከመ፣ ቆርቆሮ የተሸከመ፣ ድመት ያቀፈች፣ ሁሉም በፊታቸው ያልፋል። ላለፈው ሁሉ «ኖር» ይላሉ፣ በእጃቸው ይገፋሉ፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላሉ።

«በእግዜር እትዬ፣ ኧረ በማርያም አይነሡ!»

አይሱዙው ደረሰ። ሁለት ጫኞች ወርደው «እማማ፣ እስቲ እንጫነው» አሉና ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዘው አወጧቸው። ሦስተኛው ዓይነት ነው። ከዚያ «ይሄማ ይመቻል!» ብለው፣ ላፍታ ያህል፣ ሁለቱም ተቀመጡ።

ሾፌሩ ሦስት ጊዜ ክላክስ አደረገ።