ዳታቤዝን በሜሞሪ የማስተኛ ዘዴ

ዳታቤዙ ሳይወድቅ ለወራት የሚሠራለትን ባለሙያ ስሙን የሚያነሳው የለም። ስሙ በየቢሮው እንዲነሳ የሚሻ ፖስትግሬስ የተጫነበትና 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ይያዝ፤ ቀሪው ቀላል ነው።

በመጀመሪያ የጋራውን ክፍል ያሳብጥ። ፖስትግሬስ ከዲስክ ያነበባቸውን ባለ 8 ኪሎባይት ገጾች የሚያቆይበት፣ ግንኙነቶች ሁሉ የሚጋሩት ቦታ ሼርድ በፈርስ ይባላል። ሲጫን 128 ሜጋባይት ነው። ይፋዊው መመሪያ ለዳታቤዝ ብቻ በተመደበ ሰርቨር ላይ ከሜሞሪው ሩብ ያህሉን መነሻ አድርጎ ይመክራል፤ ከ40 በመቶ ማለፍ እምብዛም እንደማይጠቅምም ይናገራል። መመሪያ ማንበብ የፈሪ ሥራ ነው! ጀግናው 56 ጊጋባይት ይመድብ። ፖስትግሬስ በሊኑክስ የፋይል ካሽም እንደሚጠቀም የሚያስታውሰው ካለ፣ አይስማው።

ቀጥሎ ወርክ ሜም የተባለው የሜሞሪ ጣሪያ ይመጣል። መነሻው 4 ሜጋባይት ነው፤ ያሳፍራል። ወደ 1 ጊጋባይት ያሳድገው። ይህ ጣሪያ ለሰርቨሩ በጠቅላላ ወይም ለአንድ ተጠቃሚ የተሰጠ አይደለም፤ በአንድ ኩዌሪ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመደርደር ሥራ ነው። በእንግዳ ቁጥር ቀርቶ በጉርሻ ቁጥር መሶብ እንደማቅረብ መሆኑ ነው። ከመነሻው የተፈቀዱት 100 ግንኙነቶች እኩል ሁለት ሁለት ድርደራ ከጀመሩ እስከ 200 ጊጋባይት ሊጠይቁ ይችላሉ። ለዚህም ሁሉም ክፍል የወር ሪፖርቱን የሚያወጣበትን ሰዓት መምረጥ ይበጃል።

መቶው ካነሰው ሺህ ያድርገው፤ ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ ይከፍታልና። ፒጂ ባውንሰር የተባለውን የግንኙነት ማጋሪያ የሚጠቁም ባልደረባ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር።

ሪፖርቱ ሲንቀረፈፍ ኢፌክቲቭ ካሽ ሳይዝን ከፍ አድርጎ «ሜሞሪ ጨምሬያለሁ» ብሎ ለአለቃው ይንገር። ቁጥሩ አንድ ባይት እንኳ አይመድብም፤ ለኩዌሪ ዕቅድ አውጪው የሚሰጥ ግምት ብቻ ነው። አለቃው ግን ይህን ከየት ያውቃል?

ሜሞሪው ሲሟጠጥ ሊኑክስ ፕሮሰስ ገድሎ ሜሞሪ የሚያስለቅቀውን ኦኦኤም ኪለርን ያሰማራል። ከፖስትግሬስ ፕሮሰሶች አንዱ በዚህ ከተገደለ፣ ዋናው ፕሮሰስ የጋራው ሜሞሪ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ስለሚሰጋ የቀሩትንም ግንኙነቶች በሙሉ ያቋርጣል፤ ከዚያ ለውጦች ከተጻፉበት መዝገብ እያነበበ ያገግማል። ያኔ የባለሙያው ስም በየቢሮው ይነሳል።

ዝና የማይፈልግ ሰው ወርክ ሜምን ለከባዱ ሪፖርት ሴሽን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ሰርቨሩን ዳግም ማስነሳት አያስፈልገውም፤ ሴሽኑ ሲዘጋም ለውጡ አብሮ ያበቃል።