ተጭኗል

በዛሬው የመሥሪያ ቤት አማርኛ «ተጭኗል» የሚለውን ያህል ብዙ ሸክም የሚሸከም ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ቃሉ በመነሻው የአጋሰስ ቃል ነው፤ ሲራራ ነጋዴ አሞሌውን ወይም ቡናውን በበቅሎ ጀርባ አመቻችቶ በጠፍር ሲያጠብቅ «ጫነ» ይባላል፤ እንቅልፍም ሰውን ይጫናል፣ ጣትም ቁልፍን ይጫናል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ሶፍትዌርን በማሽን ላይ አስገብቶ ለሥራ ማብቃትን «መጫን»፣ መልሶ ማውጣትን ደግሞ «ማራገፍ» ብለው መሰየማቸው ከአባቶች ቋንቋ የተወሰደ መልካም ብድር ነው። የማይዋጠው ሌላ ነው፤ ነጋዴ ጭነቱ ከገበያው ደርሶ እስኪራገፍ ድረስ መንገዱ አለቀ አይልም፣ በማዕከል የተቀመጠ ባለሙያ ግን በቅሎዋ ገና ከግቢ ሳትወጣ በስክሪኑ ላይ «ተጭኗል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ያያል፣ ያየውንም ሪፖርት ያደርጋል።

ጉዳዩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል። ብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ተያይዘው፣ ማን እንደሚገባባቸውና ምን ፕሮግራም እንደሚኖራቸው ሰርቨር በሚባል አንድ ዋና ማሽን ሲወሰንላቸው፣ ማኅበራቸው «ዶሜይን» ይባላል። የዶሜይን ትልቁ ተስፋ ባለሙያው ፍላሽ በኪሱ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞሩን እንዲያስቀርለት ነው፤ አንድ የፀረ ቫይረስ ፕሮግራም በሰርቨሩ ላይ ያኖራል፣ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሮቹም ሲነሡ ትእዛዙን አንብበው ራሳቸው ይጭኑታል። አገሪቱም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መንገድ ስትጠርግ ቆይታለች፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነበር፣ ብዙዎቹንም ያገናኘው በሳተላይት ሳህን ነው። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚቆም፣ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ደብረ ታቦር በሳህን የሚላክ መልእክት መጀመሪያ ወደ ሰማይ ወጥቶ መመለስ ነበረበት፤ ሚኒባስ ግን በወረታ በኩል አድርጎ ይደርሳል።

የሚላከው ነገር የሚደርስበትን ቢሮ ጠጋ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። ከጉና ተራራ ማዶ፣ በጋይንት በኩል ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ኮምፒውተሩ ዳርና ዳሩ በክር አበባ የተጠለፈለት ነጭ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ መብራት ሲዋዥቅ ጧ ጧ የሚል ስታቢላይዘር አለ፤ ከስክሪኑ ጥግ የይለፍ ቃሉ በቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። ጸሐፊዋ በ11 ሰዓት ኮምፒውተሩን ዘግታ፣ በዚያም ሳትረካ ማከፋፈያውን ከግድግዳው ነቅላ፣ ልብሱን አልብሳው ትሄዳለች፤ ይህም መብረቅና የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ስንት ማሽን እንዳቃጠለ ካየ ሰው የሚጠበቅ ጥንቃቄ ነው። ማዕከሉ ደግሞ መሥመሩ እንዳይጨናነቅ ኮምፒውተሮቹ እንደገና ተነሥተው ጭነቱን እንዲቀበሉ የሚያዘው ሌሊት ነው። አንዱ ሌሊት ይጭናል፣ ሌላው ሌሊት ይነቅላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ኮምፒውተሩ በርቶ ቢገኝም ችግሩ አያልቅም። ይህ ዓይነቱ ጭነት የሚፈጸመው ሰው ከመግባቱ በፊት በማሽኑ በራሱ ስም ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ የተቀመጠበትን ማኅደር የማንበብ ፈቃድ ለሠራተኞች ሁሉ ተሰጥቶ ለማሽኖቹ ካልተሰጠ፣ ማሽኑ በገዛ ቤቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ፈቃዱ ቢስተካከል ደግሞ፣ ዊንዶውስ ከኤክስፒ ዘመን ወዲህ ቶሎ ለመከፈት ሲል ኔትወርኩን ሳይጠብቅ የመነሣት ልማድ ስላለው፣ ትእዛዙን በመጀመሪያው መነሣት ይሰማና በሁለተኛው ይፈጽማል። «ዘግተህ ክፈተው» የሚለው ምክር ሁለት ጊዜ ሲደገም ተራ ስንፍና የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ነገሩ ግን ሳይንስ ነው።

ከባድ ነገርን ከደብረ ታቦር አካባቢ ወደ ሩቅ አምባ ስለ ማድረስ ሲነሣ ግን ጋፋትን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጠቀሰ ደግሞ ቶሎ መላቀቅ አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ መድፍ መሥራት አንችልም ያሉትን ሁሉ «ሞክሩ» እያሉ፣ እምቢ ያለውን ምድጃ ደግመው እያሠሩ፣ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አስቀለጡ። ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ወደብ የመጣ ነው። በዛሬው ቋንቋ ቢነገር ሶፍትዌሩ ተሠርቶ አልቋል፣ የቀረው የንጉሠ ነገሥቱ ምሽግ በነበረችው በመቅደላ አምባ ላይ መጫን ነበር።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሡ። መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ ሄደ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየሳቡ፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ እየያዙ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል እየወረዱና እየወጡ፣ ዋድላና ደላንታን አቋርጠው መቅደላ የደረሱት መንፈቅ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በመጋቢት ነው። በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን እስረኞች እንደጻፉት ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገዱን ከሠራተኛው እኩል ሠርተዋል፤ መንገዱም ከቁም ነገር የሚቆጠር ስለነበር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ራሱ ተጠቅሞበታል። አንባቢው ይህ ሁሉ ከፀረ ቫይረስ ፕሮግራም ጋር ምን አገናኘው ቢል ይፈረድለታል። የሚያገናኘው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ጉዞ ላይ መድፉ ገና ከጂዳ ገደል ሥር ሳለ «ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ተጭኗል» ብሎ ሪፖርት ያቀረበ ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም ከገደሉ አፋፍ ለብዙ ጊዜ ባልቆመ።

ዛሬ ግን ይቀርባል። ሰርቨሩ «ልኬያለሁ» ያለው በሪፖርቱ ላይ «ደርሷል» ይሆናል፣ «ደርሷል» በሚቀጥለው ስብሰባ «ተጭኗል» ይባላል፣ «ተጭኗል» በሩብ ዓመቱ መጨረሻ «መቶ በመቶ ተፈጽሟል» ይሆንና በባለ ቀለም ሰንጠረዥ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ከወረዳ ተደውሎ «እኛ ጋ የለም» ሲባል መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ «የግንዛቤ እጥረት» ነው፣ «የአቅም ውስንነት» ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ውሸት ነው። ማሽኑ ያልተቀበለውን ነገር ጸሐፊዋ አላወቀችም ብሎ መጻፍ፣ ፈቃዱን ያላስተካከለውን ሰው ጥፋት ማከፋፈያ በነቀለችው ሴት ላይ መጫን ነው፤ ቃሉም ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው እዚህ ላይ ብቻ ነው። የግንዛቤ እጥረቱን ለመቅረፍም በአበል የሁለት ቀን መድረክ ይዘጋጃል፣ በመድረኩም ላይ ሰንጠረዡ ይታያል።

ለፍትሕ ያህል ግን የማዕከሉም ሰው የሚታዘንለት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ሰዓት የተነሣ እንደሆነ ነው። በዶሜይን ውስጥ ማሽኖች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት የጥበቃ ሥርዓት «ኬርቤሮስ» ይባላል፤ ስሙ በግሪክ ተረት የሙታንን ደጅ ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ ነው። ይህ ውሻ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ የሁለት ማሽኖች ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ማንንም አያሳልፍም። አሁን ደግሞ ጠዋት ቢሮ የገባ አንድ ሐቀኛ ሠራተኛ፣ የማስተካከል መብቱ ካልተነፈገው፣ ኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ሲል ያየዋል፤ የእጅ ሰዓቱ 3 ሰዓት ይላል፤ ከውጭም የቤተ ክርስቲያኑ ደወል፣ የፀሐይዋም ከፍታ 3 ሰዓት መሆኑን ይመሰክራሉ። ሠራተኛው የተሳሳተውን ያርማል። ልዩነቱ 360 ደቂቃ ሆነ፣ ውሻውም ጮኸ። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ያለቀች እንደሆነ ደግሞ፣ ማከፋፈያው በተነቀለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ተሠራበት ዓመት ይመለሳል፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መቁጠር ለለመደ አገር ይህ ወዲያው አይታወቅም። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ነው የሚል ሕዝብና እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይጀምራል የሚል ማሽን ከመካከላቸው የትኛው ሊታረም እንደሚገባው ይህ ጽሑፍ ለመወሰን አይደፍርም፤ ባትሪዋን ግን መለወጥ ይቻላል።

ጊዜው ሲደርስ ፕሮግራሙ ያረጃል፣ እንዲራገፍም ትእዛዝ ይላካል። በዚያን ጊዜ ቀድሞውንም ያልተጫነባቸው ኮምፒውተሮች የሚራገፍ ነገር ስለሌላቸው ከሁሉ ቀድመው ትእዛዙን ካሟሉት ወገን ይቆጠራሉ፣ ሪፖርቱም ያምርባቸዋል። ወደ ሴባስቶፖል ስንመለስ፣ ምስሉ ተቀድቶ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ዋናው ደርሶም ጦርነቱን አላሸነፈም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ወደቁ። መድፉ ግን ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው፤ ያራገፈው የለም።